የወረቀቷ አናት በየት በኩል ነው?

«ጋሽ ጀማል አረፉ» ሲሉኝ «የትኛው ጋሽ ጀማል?» አልኩ። ሌላ የማውቅ ይመስል። ከሦስት ሳምንት በፊት እኮ ከቤታቸው ስወጣ እየሳቁብኝ ነበር።

ቀብሩ ከዙህር በኋላ ነው ተባለ። ከገለምሶ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ አንድ ሰው ጎድሎት ቆመ፣ ቆመ። ጭሮ ስገባ ሰዉ ከመቃብር እየተመለሰ ነበር። ለቀብራቸው አልደረስኩም። አሁን የተዘጋው ብየዳ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ደክሞኛል፤ ያዛባሁት ነገር ካለ ይቅር በሉኝ።

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ ጀማል በርና መስኮት በያጅ ነበሩ። እዚህ ከተማ እሳቸው የሠሩት የግቢ በር የሌለበት ሰፈር የለም። ከበር የተረፈውን ላሜራና የመኪና ባሌስትራ ደግሞ ቅርጽ ያደርጉት ነበር፤ ሰውም እንስሳም ያልሆነ፣ ስም የሌለው ቅርጽ። ደጃቸው ያቆሙትን አንዱን የባጃጅ ተሳፋሪ ፌርማታ አድርጎታል። «ጠማማው ብረት ጋ ወራጅ አለ!» ሲባል እየሰሙ ይስቁ ነበር።

ቅርጹ ግን ከብረት አይጀምርም። ወረቀት በስፖንጅ ያርሳሉ፣ የውሃ ቀለም ሁለት ሦስት ቦታ ጠብ ያደርጉበታል፣ ከዚያ እጃቸውን ሰብስበው ይቀመጣሉ። ቀለሙ እንደፈለገ ይሄዳል። እኔ ብሩሽ ይዤ ላስተካክል ስል «ተይው፣ ቢሻንቱ ቤካ» ይሉኛል። ውሃው ያውቃል ማለታቸው ነው። ሲደርቅ የጠቆረው ቦታ ብረት ይሆናል፣ ነጭ ሆኖ የቀረው ክፍት ይተዋል፣ ሁለት ቀለም የተገናኘበት ጠርዝ ላይ ደግሞ ብረቱ ይታጠፋል። የስዕል መምህርት ነኝ፤ ይህን ግን የተማርኩት በየክረምቱ እሳቸው ጋ እየመጣሁ፣ ብየዳውንም አብሬ እየለመድኩ ነው።

አንዴ የደረቀ ወረቀት ግድግዳ ላይ ልሰቅል ስል፣ እንዳይምታታብኝ ብዬ ጀርባው ላይ በእርሳስ ቀስት አደረግኩ። አናቱ በዚህ በኩል ነው ለማለት። እንደዚያ ቀን ሲቆጡ አይቼ አላውቅም።

«ወረቀቱ አራት እግር አለው! በየትኛው እንደሚቆም አንቺ ከአሁኑ በምን አወቅሽ?» ብለው በላጲስ አስጠፉኝ።

እያንዳንዱን ጎን ሳምንት ሳምንት ወደ ላይ አድርገው ይሰቅሉት ነበር። ብረት የሚነኩት አራቱም ካለቀ በኋላ ነው።

የዛሬ ሦስት ሳምንት አንዲት ወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ዓይናቸው የብየዳውን እሳት አልችል ብሎ ነበር።

«ይቺን አንቺ ሥሪያት።»

«አናቷ በየት በኩል ነው?» ብዬ ቀለድኩ።

«ከእኔ አፍ አትሰሚውም» አሉና ሳቁብኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ከተማሪ ፈተና ጋር ስትንከራተት ከረመች። ይደክመኝ ነበር፣ ነገ እላለሁ፣ ነገም ይደክመኛል። ሌላ ሰበብ የለኝም።

አሁን እዚህ ፈታኋት። ጀርባዋን ሳዞር በእርሳስ የተሠራች ትንሽ ቀስት አለች። መስመሯ ይንቀጠቀጣል። እኔን ያስጠፉኝን ቀስት፣ እሳቸው ራሳቸው ሠርተዋታል። አራት ሳምንት እንደማይቆዩልኝ አውቀው ኖሯል። ያን ቀን ፈትቼ አይቻት ቢሆን በማግስቱ እመለስ ነበር። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ጋሽ ጀማል፣ ቀስትዎን አየኋት። ግን ዛሬ አልታዘዝዎትም። ቤቴ ስገባ ቀስቷን ቁልቁል ገልብጬ ነው የምሰቅላት። ሳምንት ትቆያለች፣ ከዚያ አዞራታለሁ፣ አራቱንም ጎን፣ ልክ እንዳስለመዱኝ። ብረት የምነካው ከዚያ በኋላ ነው። ምናልባት እርስዎ ባሉት በኩል ትቆም ይሆናል። ካልቆመች ቢቆጡኝ ምን ነበረበት!

አላህ በጀነት ያሳርፍዎት፣ ጋሽዬ። ደህና ይሁኑ። ቀስቷን አላጠፋትም።