በዓይናለሙ ፎቶ ላይ የተዘለለው ስም

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ የሰው አልበም መበርበር ነው። ወሎ ተወልጄ ለመምህርነት መቀሌ የመጣሁት ገና ጢሜን በወጉ መላጨት ሳልጀምር ነበር፤ እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ወለድኩ፣ እዚሁ ሸበትኩ። የከተማዋን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ስለ ቤተ መንግሥቷና ስለ ሹማምንቷ ነው የሚያወሩት። እኔን የሚያጓጓኝ ግን ወፍጮ ቤቱ፣ የጨው ተራውና የሰፈሩ ኳስ ቡድን ነው። ስለዚህ ከየቤቱ ፎቶ እዋሳለሁ፤ ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ ለባለቤቱ እመልሳለሁ። ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሓወልቲ አካባቢ ባለች ትንሽ አዳራሽ ግድግዳ ላይ እያሳየሁ አወራለሁ።

አወራለሁ ማለቴ ለወጉ ነው፤ የሚያወራው ሕዝቡ ነው። ፎቶው ገና ብቅ ሲል አዳራሹ ይንጫጫል። "እሱ እኮ የባለ ወፍጮው ልጅ ነው!" ይላል አንዱ፤ "ኣይኮነን! ወንድሙ ነው!" ይላል ሌላው፤ የለበሰውን ኮት ከማን እንደተዋሰ ሳይቀር ይነገራል። ልማዳችን ከግራ ጀምሮ ስም መጥራት ነው። ሟች ላይ ስንደርስ ስሙ ይጠራና ሁሉም በአንድ ድምፅ "ነፍስ ይማር" ይላል። ሄዶ የቀረ፣ ወሬው የጠፋ ሰው ከሆነ ደግሞ "በሰላም ይመልሰው" ይባላል። ከዚያ ወደሚቀጥለው እናልፋለን።

ድሮ "ነፍስ ይማር" የሚባለው ለሽማግሌዎች ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አዳራሹን መልሰን ስንከፍት ግን የቅርብ ጊዜ ፎቶ በታየ ቁጥር ያ ቃል እየተደጋገመ መጣ፤ በጨዋታ የተጀመረው ነገር ወደ ፍታት ሲሄድ ታየኝና ፈራሁ። ጥቁርና ነጭ ካልሆነ አልቀበልም ብዬ ድርቅ አልኩ። የተቀየሙኝ አሉ፤ ይቀየሙ።

ጎረቤቴ ያመጣችልኝ ግን ባለ ቀለም ፎቶ ነበር። አጥር የምንጋራ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ እኔ "ሓፍተይ"፣ እኅቴ፣ እላታለሁ፣ እሷ "መምህር" ትለኛለች። አንድ ወንድ ልጇ በጦርነቱ ሄዶ አልተመለሰም። ሴት ልጇ ነፍሰ ጡር ናት፤ አብራት ትኖራለች። በሰፈራችን ብዙ ቤት መርዶ ገብቷል፤ እሷ ቤት ግን አልገባም። መርዶ ደግሞ ሥርዓት አለው። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ በር አንኳኩተው ነው የሚነገረው። ከዚያ ውጭ በመንገድ ወይም በገበያ ትንፍሽ ያለ ሰው ነውረኛ ነው፤ የሰማም ቢኖር ሆድ ይፍጀው ይላል። ስለዚህ እሷ ማንም ሳያንኳኳ ጀንበር ስትወጣ "ተመስገን" ትላለች። በአጥሩ ማዶ እሰማታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው እኔም ፊቴን የምታጠበው።

ፎቶው የሰፈራችን ልጆች ከከተማው ዳር ዓይናለም ላይ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር የተነሡት ነው። የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ውሃው ፈንድቶ ሁሉንም አበስብሷቸው ይስቃሉ።

"የውሃችን ታሪክ ነው፣ መምህር" አለችኝ።

"ልጅሽም አለበት።"

"ወደይማ አለበት። ሰው ሲያየው የት እንዳገኘው ትዝ ይለው ይሆናል። አንዱ አፉን ይከፍት ይሆናል። በጃኻ፣ መምህር።"

በምን አፌ እምቢ እላለሁ? ተቀበልኳት።

ያን ቅዳሜ ወሬያችን ስለ ውሃ ነበርና አዳራሹ ጢም አለ፤ መቀሌ ላይ ስለ ውሃ የማያማርር ሰው አይገኝም። ስለ ፈረቃው፣ በጀሪካን ሰልፍ ላይ ስለተደባደቡ ሴቶች እየተሳቀ ሳለ የዓይናለሙን ፎቶ አበራሁት። ጎረቤቴ ከሕዝቡ መሐል ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች።

ከግራ ተጀመረ። የመጀመሪያው አሁን ባጃጅ የሚነዳው ነው ተባለ፤ ተሳቀበት። ሁለተኛው አዲግራት አግብቶ ቀርቷል። ሦስተኛው ላይ "ነፍስ ይማር" ተባለ። አራተኛው ልጇ ነው፤ አካፋ ተሸክሞ ጥርሱን ያሳያል።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለውን ሰው ያን ጊዜ እዚያ ባስቀመጥኩት! ከፊት የተቀመጠው የዕድራችን ሊቀመንበር ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ይኼኛው ደግሞ፣ ከሱ በስተቀኝ ያለው፣ የልብስ ሰፊው ልጅ ነው" አለ። ሕዝቡም ከጭንቅ እንደወጣ ሁሉ "አዎ! አዎ! እሱ ነው!" ብሎ ከልክ በላይ ጮኸ።

"አንዱን ዘለላችሁት" አለች ጎረቤቴ፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

አጠገቧ የነበረችው ሴት ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። "በሰላም ይመልሰው" ማለት ውሸት ሆነባቸው፤ "ነፍስ ይማር" ማለት ደግሞ ነውር። ያኔ ገባኝ። እሷን ማየት ፈርቼ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፤ እዚያም ልጁ ይስቃል። የጨው ተራውን ፎቶ አስከተልኩ።

ሰው ሲወጣ ሊቀመንበሩ ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። "የልጁ ጓደኛ ነው የቀበረው፤ ተመልሶ ነግሮናል። እኅቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ እስክትገላገል ብለን ነው የያዝነው" አለኝ።

"ለእኔስ አይነገረኝም?"

"ሓወይ፣ አንተ ፊትህ ያሳብቅብሃል።"

በፊቴ ምክንያት ይሁን በወሎዬነቴ አላወቅሁም፤ ደሜ ፈላ። ይህን ያህል ዘመን አብሬ የቀበርኩት ሕዝብ ነው።

"ከእንግዲህ ግን አይቆይም" አለ። "ነገ አንተም አብረኸን ነህ፤ ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትነሣው?"

ክንዴን አስለቅቄ ወጣሁ። ጎረቤቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። መንገዱን ሙሉ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራችኝ፤ እኔም ተወደደ፣ አዎ፣ ተወደደ እያልኩ ሸኘኋት። እንባዬ ከሽማግሌዎቹ እንዳይቀድም ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ደጇ ስንደርስ ቆመች። ከውስጥ የልጅቱ የሬዲዮ ድምፅ ይሰማል።

"መምህር፣ ለሰዎቹ ንገራቸው" አለችኝ በሹክሹክታ። "በሩን እንዳያንኳኩ፤ ልጄ ትደነግጣለች። እኔ ደጅ ቁጭ ብዬ እጠብቃቸዋለሁ። እሷ እስክትወልድ አልጮኽም በላቸው።"