የአለቃዬ የእረፍት ዕቅድ

በሰማንያዎቹ ማብቂያ ላይ፣ ገና ከኮሌጅ እንደወጣሁ፣ አርባ ምንጭ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርኩ። ባለሙያ ያለኝ የቅጥር ደብዳቤው ነው እንጂ ሥራዬ አለቃዬ የጻፉትን መገልበጥና ሠንጠረዥ ማስመር ነበር። አለቃዬ ሃምሳ የሞላቸው ቀጭን ሰው ነበሩ፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት ክራባታቸውን አይፈቱም። ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮ ይገባሉ፣ እሑድም ከቅዳሴ መልስ ይገባሉ።

አንድ ሰኞ ደብዳቤ እየፈረሙ ራሳቸውን አዞራቸውና ጤና ጣቢያ ይዣቸው ሄድኩ። ሲስተሯ ለካቻቸው።

«ጋሼ፣ ደም ግፊትዎ ከፍ ብሏል» አለቻቸው። «መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም። ጠዋት ጠዋት በእግርዎ ይሂዱ፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ይበሉ። ሥራ አይሥሩ፣ አያስቡ አልልዎትም፤ ሰው ያለ ሐሳብ አይኖርም። ግን ለሰውነትዎም ለአእምሮዎም ፋታ ይስጡ። ከወር በኋላ ይመለሱ።»

አለቃዬ ሁሉንም በማስታወሻቸው ጻፉ። በሩ ላይ ስንደርስ፣ «ነገ ጠዋት ረቂቁን አምጣልኝ» አሉኝ።

«የምኑን ረቂቅ?»

«የእረፍቱን።»

እሳቸው ቀልድ አያውቁም። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ሠንጠረዡን አሰመርኩ፤ ዝርዝር ተግባር፣ የጊዜ ሰሌዳ፣ ፈጻሚ፣ ምርመራ። ፈጻሚ በሚለው ሥር የእሳቸውን ስም ብቻ ነበር የጻፍኩት። አነበቡና ከጎኑ የእኔን ጨመሩበት።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ተነሥተን ዳገቱን ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሼቻ መውጣት ሆነ። አለቃዬ ሰዓታቸውን እያዩ ከፊት፣ እኔ እያለከለክሁ ከኋላ። ሙዝ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ቆመው ያዩናል። አንዷ፣ «ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» ብላ ጠየቀችን። ላፋልጋችሁ ልትለን ነበር መሰለኝ። አለቃዬ ዳገቱ ጫፍ ሲደርሱ ላባቸውን ጠርገው፣ «ከትናንቱ በሁለት ደቂቃ ዘግይተናል፤ ምክንያቱን ጻፍ» ይሉኛል። ምክንያቱ እኔ ነበርኩ፤ ጻፍኩት።

የቀትሩ ደግሞ የባሰ ነበር። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው ይጋደማሉ፤ እኔ ባለጉዳይ እንዳይገባ በሩ ላይ እቀመጣለሁ።

«ስንት ደቂቃ ቀረኝ?» ይላሉ ከውስጥ።

«ሃያ፣ ጋሼ።»

«እስካሁን አልተኛሁም። በሐሳብ ምክንያት ብለህ ያዝ።» ቀጥለውም፣ «የምን ሐሳብ እንደሆነም ዘርዝር» ብለው የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ከነአባሪው ያጽፉኛል።

ዓርብ ዓርብ አፈጻጸሙ ይገመገማል። የእንቅልፉ ውጤት ሁልጊዜ ደካማ ስለነበር ማካካሻ ዕቅድ አወጣን፤ እሑድ ሁለት ሰዓት ተጨማሪ መተኛት። እሑድ ለሁለት ሰዓት ጣራ ጣራ ሲያዩ ቆይተው ቢሮ ገቡ። እኔም ቤቴ ስገባ እንቅልፍ እምቢ ይለኝ ጀመር፤ ዓይኔን ስከድን ሠንጠረዥ ይታየኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ለመስክ ሥራ ወደ ጨንቻ ስንወጣ ዝናብ ያዘንና መኪናችን ዶርዜ አካባቢ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ሾፌሩ መሪ ይዞ፣ እኔና አለቃዬ ከኋላ ገፋን። የመንደሩ ሰዎች ዶማና ቀርከሃ ይዘው መጡ። አለቃዬ ክራባታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ፣ ሱሪያቸውን ጠቀለሉ፣ «በሉ፣ አንድ ላይ!» እያሉ ትእዛዝ መስጠት ጀመሩ። ሁለት ሰዓት ታግለን መኪናው ሲወጣ ሁላችንም የጭቃ ሐውልት መስለን ነበር።

መንገዱ እስኪጠነክር አንድ ሸማኔ ቤታቸው አስገቡን። እሳቱ ዳር ተቀመጥን፤ ቆጮ በዳጣና የተቀቀለ ድንች ቀረበልን። ለአለቃዬ ቡሉኮ ደረቡላቸው። ድንቹን እየላጡ፣ «የዛሬውን የቀትር እረፍት በተመለከተ...» ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱት ተኙ። ድንቹ በእጃቸው ነበር።

እኔ ከልማድ ቅጹን አወጣሁ። ዕቅዱ ሠላሳ ደቂቃ ነው። ሠላሳው አለፈ፤ አንድ ሰዓት ሆነ። ልቀስቅሳቸው ብዬ ብድግ ስል ሸማኔው ሽመናቸውን አቁመው አዩኝ።

«ልጄ፣ የተኛ ሰው ምን አጠፋ?»

«ከዕቅድ በላይ እየሄዱ ነው፣ አባባ።»

«አንተስ? ለምን ጋደም አትልም?»

«እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

ሰውየው ወደሚያንኮራፉት አለቃዬ፣ ከዚያ ወደ እስክሪብቶዬ አዩና ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወደ ሽመናቸው ተመለሱ።

አለቃዬ አራት ሰዓት ሙሉ ተኝተው ሲነቁ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ፊታቸውን አሻሹና፣ «ምን ብለህ ጻፍክ?» አሉኝ።

«ምንም።»

«ደግ አደረግክ» አሉና ድንች እንዲጨመርላቸው ጠየቁ።

ከዚያ በኋላ ስለ ቅጹ አላነሱብኝም፤ የእግር ጉዞውም ሰዓት አልተያዘበትም። ወሩ ሲሞላ ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተሯ ለክታ፣ «በጣም ጥሩ ነው፣ ወርዷል» አለች። አለቃዬ ደስ ብሏቸው፣ «እስቲ እሱንም ለኪው፤ አብሮኝ ነው የለፋው» አሉ።

ለካችኝ። ደግማ ለካችኝ።

«ወንድሜ፣ ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሃያ አራት።»

«ታዲያ በዚህ ዕድሜህ ማን ነው እንዲህ ያስጨነቀህ?»

አለቃዬን አየኋቸው። እሳቸው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጡት የምታጠባ እናት ሥዕል በጥሞና ይመለከቱ ነበር። እዚያው፣ በሲስተሯ ጠረጴዛ ላይ፣ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ፈረሙልኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ፣ ማን ያምናል፣ ሥራዬ ናፈቀኝ። ቢሆንም እስከ ሰኞ አልሄድኩም።