ጥልቁ መሳቢያ

ኮርቢኒያን ኤትል ከእኔ የተሻለ አናጢ ነበር። ይህን የምለው በጀርመን አገር፣ በባቫርያ፣ በአንድ የእብዶች ሆስፒታል የእንጨት ሥራ አለቃ ሆኜ ሃያ ሁለት ዓመት የቆየሁት እኔ ነኝ።

ወንድሙን ወንዝ ሲወስደው ከሟቹ ጋር ማውራት ጀመረ፤ ምግብም እምቢ አለ። ሚስቱ ቫልቡርጋ ወደ ሆስፒታላችን በጋሪ አመጣችው። በስምንተኛው ወር ከሟቹ ጋር ማውራቱን ተወ። በላ፣ ተኛ፣ ቀለደ፤ ከእኔም ጋር እንጨት ይሠራ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ አንድ ነበር፦ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ቤቱ መግባት። ሦስት ዓመት ሞልቶ ሐኪም «ተስፋ የለውም» ብሎ ከፈረመ ሕጉ ሚስትን ያፋታል።

ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው የሆስፒታሉ ሐኪም ዶክተር ሮትሃመር ለሕመምተኞች ካርድ ማስቀመጫ ቁም ሣጥን አዘዘን። ዶክተሩ በሽታን የሚለየው በአጀማመሩ ሳይሆን በአጨራረሱ ነው። መጥቶ የሚሄደው ላይኛው መሳቢያ፣ ከመጠጥ የመጣው ታችኛው፣ «ያለ ጊዜው መጃጀት» የሚለው የማይድነው መካከለኛው።

«የመካከሉን እጥፍ ጥልቅ አድርጉት» አለን።

«ለምን ዶክተር?» አለ ኮርቢኒያን።

«ከዚያ ካርድ አይወጣማ።»

ኮርቢኒያን ያለ ምስማር፣ ጥርስ በጥርስ ገጥሞ ሠራው። ልኩን ለመሞከር የመጡትን ካርዶች ወደ መካከለኛው ሲከት የራሱን ስም አነበበ።

በማግስቱ ዶክተሩን አስቆመው። «ዶክተር፣ እኔ እኮ ድኛለሁ። አለቃዬን ይጠይቁ!»

«እንዴት ይሠራል?» አለኝ ዶክተሩ።

«እንደ ሰዓት» አልኩ፤ ማመስገኔ ነበር።

«እንደ ማሽን፣ ያለ ስሜት» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወደ ኮርቢኒያን ዞረ። «ይህ በሽታ አይድንም። ዳንክ ማለት ያኔ ያወጣሁለት ስም ስሕተት ነበር ማለት ነው።»

«ታዲያ ተሳስተው ቢሆንስ?»

ዶክተሩ ፈገግ አለ፤ ይህንንም ጻፈ፦ «መታመሙን አያውቅም።»

እኔ ወደ እንጨቴ ተመለስኩ። የሚጠብቀኝ ሥራ ነበረኝ።

ሦስት ዓመቱ በሞላ ሳምንት ቫልቡርጋ ከጠበቃ ጋር መጣች። ዶክተሩ በደቂቃ ፈረመ። ወደ እንጨት ሥራ ቤታችን ብቅ ብላ፣

«አይዞህ ኮርቢኒያን» አለችው፣ «መላጊያዎችህን አልሸጥኳቸውም። ጎረቤታችን ቬንዴሊን እየሠራባቸው ነው።»

«የኔን መላጊያ? ቬንዴሊን?»

«ቤት ያለ ወንድ አይሆንም። በመስከረም እንጋባለን።»

ኮርቢኒያን መሮውን ይዞ በቀጥታ ወደ ካርዶቹ ክፍል ሮጠ። መካከለኛውን መሳቢያ ጎትቶ መታው፣ መታው፤ ግን እጁ የሠራው ሥራ ነውና እምቢ አለው። አራት አስታማሚዎች ጣሉት። አንዱ ጉልበቱን ጀርባው ላይ ተክሎ፣ «አንተ የጃጀህ፣ የራስህን ቤት ታፈርሳለህ?» እያለ ሳቀ።

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አወጣ። «ይኸው» አለኝ፣ «በሽታው ራሱ መሰከረ። ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ይህን ነበር።»

ኮርቢኒያንን ወደ ተቆላፊው ቤት ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ እንጨት አላስነኩትም። እዚያው አሥራ አራት ዓመት ኖረ።

መሳቢያውን እኔ አደስኩት። የተሰበረው አንድ ጥርስ ብቻ ነበር። ሙጫ ቀባሁ፣ አጣበቅኩ፣ ሲደርቅ የኮርቢኒያንን ካርድ መልሼ ከተትኩ። ዛሬም ድምፅ ሳያሰማ ይዘጋል።