ሕልም ነው ያልኳት ውኃ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ ስካሬን፣ ንዴቴን፣ ክፉ ምኞቴን ሳይቀር ስዘረግፍላቸው ኖሬ ይህቺን ግን ምላሴ ሥር ደብቄ እመለስ ነበር። ሃያ አራት ዓመት! አሁን ይኸው ወጥታለች። ደስ ብሎኛል፣ አፍሬአለሁም፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። እናንተ ፍረዱ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

እኔ ሐይቅ ከተማ በርና መስኮት ስሠራ የኖርኩ አናጺ ነኝ። ልጄን በሃይማኖት ያሳደግሁ እኔ ነኝ እያልኩ የምኩራራ ሰውም ነበርኩ። ጽጌ የበኩር ልጃችን ናት። አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙሬ አቆማታለሁ። ትንንሽ ጣቶቿን አስተካክዬ ማማተብ አስተማርኳት። «ኪርያላይሶን»ን አርባ አንድ ጊዜ በጣቷ አንጓ ስትቆጥር ሠላሳ ላይ ስትደርስ ይጠፋባትና እንደገና ከአንድ ትጀምራለች፤ እኔ በሳቅ እፈርሳለሁ። ከዚያ የሚበልጥ ደስታ አይቼ አላውቅም። ምን ያደርጋል፣ ደስታዬን ቤቴ ውስጥ አላስቀረሁትም። ሥራ ቦታዬ ድረስ እየወሰድኩ «በይ አሳዪያቸው» እላት ነበር።

ስድስት ዓመት ሲሆናት ፍልሰታን ጾመች። የእኛ ሕፃናት በፍልሰታ ቅዳሴው እስኪያልቅ እህል ውኃ ሳይቀምሱ ይቆዩና ከሰዓት በኋላ ይቆርባሉ። ጽጌማ ጎበዘች! አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን እያለች ሳምንት ሞላት። እኔም አፌን ሞልቼ «የእኔ ልጅ አሥራ አምስቱንም ቀን ሳታጓድል ትቆርባለች» እያልኩ አወራሁ። አንዱ ባልደረባዬ «የምትጾመው አንተ ነህ ወይስ ልጅቷ?» ብሎ አሾፈብኝ። ያኔ ልቤ ቢሰማው ምን ነበረበት?

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ዝናቡ ጠዋት ጥሎ አባርቷል፤ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነው። ሚስቴ ቀድማ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ጽጌን ነጭ ልብሷን አልብሼ፣ እንዳትቆሽሽ ብዬ አዝዬ ልወጣ ስል ጎረቤታችን ዘሃራ እየሮጠች መጣች። ዘሃራ ሙስሊም ናት፤ የእኛን ጾም ግን ከብዙዎቻችን አብልጣ ታውቃለች። ጽጌ ከልጇ ጋር ስትጫወት በጾም ቀን ቁራሽ እንኳ ሰጥታት አታውቅም።

«አያ ደምሴ፣ ወላሂ ጉድ ሆንሁልህ!» አለችኝ። «ጽጌ ቅድም ከልጄ ጋር ስትራወጥ ቆይታ ውኃ ጠጣችብኝ። እኔ ጓዳ ነበርሁ፣ ሳልደርስባት ጨለጠችው። ዛሬ ትቆርባለች ብላችኋል አይደል? በእናንተ ዘንድ እንደማይሆን አውቃለሁ። ሳልነግርህ ብቀር አላህ ይጠይቀኛል።»

«አይዞሽ ዘሃራ፣ እግዜር ይስጥሽ። ዛሬ አትቆርብም» አልኳት።

አልኳት! በዚህ አፌ! ከዚያስ? ከዚያማ መንገድ ጀመርኩ። ያለፉትን አሥራ አራት ቀናት አሰብኩ። ሥራ ቦታ የሚጠብቀኝን ሳቅ አሰብኩ። እግዚአብሔርን አሰብኩ? አላሰብኩም። ጀርባዬ ላይ ያለችው ልጅ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «አባዬ፣ ጠጥቻለሁ እኮ። ረስቼው ነው» አለችኝ። እንዲህ አድርጋ እንድትናገር ማን አስተማራት? እኔ! «እውነት ተናገሪ፣ እግዜር ያያል» እያልኩ ጠዋት ጠዋት የነዘነዝኳት እኔ ነኝ። ያስተማርኩትን አንዲት ሳታጎድል ይዛ መጣችልኝ።

«አልጠጣሽም። ሕልም ነው ያየሽው» አልኳት።

«እማ ዘሃራም እኮ ነግራሃለች።»

«እሱም ሕልም ነው። ጀርባዬ ላይ እንቅልፍ ወስዶሽ ነበር።»

«እሺ» አለች። በቃ፣ እሺ። አምናኝ አልነበረም፤ አባቷ ስለሆንኩ ነው። እኔ ያንን እያወቅሁ ነው ያደረግሁት፣ እኔ ነኝ ያደረግሁት፣ ማንም አላስገደደኝም። ልጄ ቆረበች። አፏን በነጠላ ሸፍኜ ስመልሳት ዘሃራ በሯ ላይ ቆማለች። ነጠላውን አየች፣ እኔን አየች፣ ገባች። በማግሥቱ እንደ ወትሮዋ ሰላም አለችኝ፤ ነገሩን እስክትሞት ድረስ አላነሳችብኝም። ቀብሯ ላይ ቆሜ እንኳ ይቅር በይኝ አላልኳትም።

ጽጌ ከዚያ ወዲያ ዓይኗን ማመን ተወች። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ሚኒባስ የጎረቤት ፍየል ሲገጭ አይታ ሽማግሌዎች ቢጠይቋት «ያየሁ ይመስለኛል፤ ምናልባት ሕልም ይሆናል» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ «ሕልመኛዋ» የሚል ስም ወጣላት። እኔስ? አብሬ ሳቅሁ! ስሙ ከየት እንደመጣ የማውቀው እኔ አብሬ ሳቅሁ። ዛሬ ደሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ በሯን ቆልፋ ከወጣች በኋላ ሦስት ጊዜ ተመልሳ ካላየች አትሄድም። ባሏ ይቀልድባታል። እኔ ግን አንድም ቀን መቀለድ አልቻልኩም።

ትናንት የአራት ዓመት ልጇን ይዛ ለፍልሰታ መጣች። ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ «አባዬ፣ እኔን እንዳስተማርከኝ አድርገህ አስተምርልኝ» አለችኝ። እኔን እንዳስተማርከኝ! ያን ቃል መሸከም አቃተኝ።

ዛሬ ጠዋት ግቢ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ ብቻዋን አገኘኋትና ሁሉንም ነገርኳት። ዘሃራ ያለችኝን፣ እኔ ያልኳትን፣ አንዱንም አላስቀረሁም። ስድብ ጠበቅሁ፣ ለቅሶ ጠበቅሁ። እሷ ግን እርጥቡን ልብስ እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች።

«ጠጥቼ ነበር?» አለች።

«ጠጥተሽ ነበር።»

«እማ ዘሃራም መጥታ ነበር?»

«መጥታ ነበር።»

«ኩባያው ቀይ ነበር! የእማ ዘሃራ ልጅ ናት የቀዳችልኝ! አባዬ፣ ጠጥቼ ነበር እኮ!»

ጮኸች። ዘለለች! አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሚስቴ ሰው ሞተ ብላ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች። ጽጌ ስልኳን አንስታ ለባሏ «ጤነኛ ነኝ! ጠጥቼ ነበር!» ትለዋለች፤ እሱ ምን ይገባዋል! እኔም እያለቀስኩ እስቃለሁ፣ እየሳቅሁ አለቅሳለሁ። እናንተዬ፣ እንዲህ ያለ ጠዋት አይቼ አላውቅም። ልጄን በስድስት ዓመቷ የቀማኋትን ዛሬ መለስኩላት ብዬ ሰማይ ልነካ ደረስኩ።

እንዲህ ስንሆን ቆይተን ፊቷን ጠርጋ ተቀመጠች።

«ሌላስ?» አለችኝ።

«ሌላ ምን?»

«ሌላ ሕልም ነው ያልከኝ አለ? ወይስ እውነት ነው ብለህ የዋሸኸኝ?» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እግዜር ያያል ያልከኝስ?» አለች።

«እሱማ እውነት ነው! በማርያም፣ እሱ እውነት ነው!» ብዬ ማልኩ። ልታምነኝ ፈልጋ ነበር፣ መፈለጓን ዓይኗ ላይ አየሁት። ስንቱን ዓመት ያስተማርኩት ሁሉ በእኔ ቃል ላይ የቆመ መሆኑን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አስቤው አላውቅም። እጄን ይዛ ሳመችኝ፤ ይቅር ብላኛለች፣ አልጠራጠርም።

«የእግዜርን ነገር ለልጄ እኔው እነግራታለሁ» አለችኝ። «አንተ ማማተቡን አስተምራት።»

ልክ ናት። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም። ለንስሐ አባቴም እሄዳለሁ፣ የሚሰጡኝንም ቀኖና እቀበላለሁ፤ ይህቺን ግን የልጄን ፍርድ ማንም እንዲያነሳልኝ አልፈልግም። ነገ ጠዋት የልጅ ልጄን ወደ ምሥራቅ አዙሬ ጣቶቿን አስተካክላለሁ። ስለ እግዜር ከጠየቀችኝ «እናትሽን ጠይቂያት» እላታለሁ።