ድኛለሁ ያላልኩበት እሑድ

ባለፈው ሳምንት በምድር ውስጥ ባቡር ስጓዝ፣ ሃያ ዓመት ብዙም ያላለፋት ልጅ ለአዛውንት በተተወው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ የቆሙ አሮጊት በዓይናቸው ገረፏት። ልጅቷ ምሰሶውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ተነሣችላቸው። አነሣሷን ሳይ ሕመሟን ለየሁት። እኔም በሃያ አራት ዓመቴ እንደዚያው ነበር የምነሣው።

ያኔ ከእናቴ ጋር በሰው አገር፣ ብሬዴንግ በሚባል ሰፈር እንኖር ነበር። የምሠራው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ቅቅል ድንች የሞላባቸውን ከባድ ትሪዎች ከምድጃ ወደ ጋሪ አነሣለሁ። አንድ ጠዋት ጎንበስ እንዳልኩ ወገቤ ተያዘ። ከዚያ ወዲያ ሕመሙ በግራ እግሬ እስከ ተረከዜ ይወርድ ጀመር። የብርድ ወራት ስለነበር መንገዱ በረዶ ነው፤ እግሬ ትንሽ ሸተት ባለ ቁጥር ዓይኔ እንባ ይሞላል። ካልሲዬን እንኳ የምታደርግልኝ እናቴ ነበረች።

ሐኪሙ በኤምአርአይ አይቶ፣ በወገብ አጥንቶቼ መካከል እንደ ትራስ ከሚያገለግሉት ዲስኮች ሁለቱ ደርቀው መሳሳታቸውን ነገረኝ። ቀዶ ሕክምና ሳይሆን ጊዜና እንቅስቃሴ ነው የሚያስፈልግሽ አለኝ። ለእናቴ አልተዋጠላትም። የሚያውቁን ሰዎች ደግሞ "በዚህ ዕድሜ ምን ወገብ አላት?" ይሉ ነበር። አልፈርድባቸውም፤ ለሚያየኝ ጤነኛ ነበርኩ።

በዚያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያናችን ቴንስታ በሚባል ሰፈር በተከራየው አዳራሽ፣ እሑድ በምናመልክበት፣ አንድ እንግዳ ሰባኪ መጡ። እናቴ እጄን ይዛ ወደ ፊት ወሰደችኝ። ሰባኪው እጃቸውን ጭነው አጥብቀው ጸለዩልኝ። ሰው ሁሉ አብሮ ይጸልያል፤ ሰውነቴ ሞቀ፣ እኔም አለቀስኩ። የምር የዳንኩ መሰለኝ።

"እስቲ ጎንበስ በይ፣ ልጄ" አሉኝ።

ጎንበስ አልኩ። አዳራሹ በእልልታ ተሞላ። ቀና ስል ግን ሕመሙ እንደ ቢላ ወጋኝ። ሰባኪው ማይክሮፎኑን አስጠጉልኝ።

"ምን ይሰማሻል?"

"ያመኛል።"

"በእምነት ተናገሪ። ድኛለሁ በይ።"

እናቴን አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አልዳንኩም" አልኩ።

ከጸሎቱ ጋር ሲመታ የነበረው ኪቦርድ ቆመ። አንድ ሰው ክንዴን ይዞ ወደ ቦታዬ መለሰኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ እናቴ ተቀምጣ እኔ ቆሜ ነበር። ብዙ ጣቢያ ካለፍን በኋላ፣ "አንድ ቃል ብትይ ምን ነበረበት? ሰው ፊት አዋረድሽኝ" አለችኝ።

"ድኛለሁ ብል፣ ነገ ጠዋት ካልሲዬን ማን ሊያደርግልኝ ነው፣ እማዬ?"

በማግስቱ እንደ ልማዷ መጥታ ተንበረከከችና ካልሲዬን አደረገችልኝ፤ ግን እግሬን ቶሎ አልለቀቀችውም።

በሚቀጥለው እሑድ የጸሎት ርዕስ ያለው ሲባል እናቴ ተነሣች። ሰው ፊት መናገር የምትፈራ ሴት ነበረች።

"ልጄ አልዳነችም" አለች። "እምነት አጥታም አይደለም፤ ታማ ነው። እኔ ቤት ውስጥ አያታለሁ። እንደ ታመመ ሰው ጸልዩላት።"

ማንም አሜን ለማለት አልቸኮለም። በኋላ ሰው ሲበተን ጊታር የሚመታው ልጅ፣ በዕድሜ እኩያዬ ነው፣ ወደ እኔ ጠጋ አለና በዝግታ፣ "እኔም ሁልጊዜ ቆሜ የምመታው መቀመጥ ስለማልችል ነው" አለኝ። እናቱ እንኳ አታውቅም ነበር።

ወጥ ቤቱን ተውኩት። ሐኪሙ ባዘዘልኝ እንቅስቃሴ ቀስ በቀስ ብዙ ተሻለኝ፤ ጨርሶ ግን አልለቀቀኝም። ሰባኪውንም አልቀየምኳቸውም፤ እንድድን ከልባቸው ይፈልጉ ነበር። ያን ጊዜ ከሕመሙ እኩል የጎዳኝ፣ ሰውን ደስ ለማሰኘት ደህና ነኝ ማለት የሚጠበቅብኝ መሆኑ ነው። እናቴ ካረፈች ዓመታት አለፉ። ዛሬ ወገቤ ሲነሣብኝና ሰው እንዴት ነሽ ሲለኝ፣ አሞኛል እላለሁ። ይህን ለማለት የደፈርኩት እሷ ስለ እኔ ከተናገረች በኋላ ነው።