አደይ አበባው ክብ ሰርቶ የበቀለበት

«ልጄ፣ በበሩ ውጪ» አሉኝ። ዙሪያዬን አየሁ። ከአደይ አበባ በቀር ቤትም በርም የለም።

አደይ የት ሄደን እንይ እያላችሁ ስለጨቀጨቃችሁኝ፣ ዛሬ ከቡታጅራ ወደ ቡኢ በሚወስደው መንገድ ወጣ ብዬ ነበር። አንድ ሜዳ ላይ አበባው ክብ ሰርቶ ጥቅጥቅ ብሏል። መሀሉ ገብቼ ሰልፊ ተነሳሁ፣ አንድ እቅፍም ቀጠፍኩ። (ለፎቶ የማልገባበት እንደሌለ ታውቃላችሁ።)

ከዘራ የያዙ አንድ አባት ከክቡ ውጪ ቆመው «አሰላሙ አለይኩም» አሉ። ለኔ መስሎኝ መለስኩ።

«የእህቴ ቤት ነበር» አሉኝ። «እሷም አለፈች፣ ቤቱም ፈረሰ። አፈሩ የቤት አፈር ስለሆነ አበባውን ያፋፋዋል።»

ልወጣ ስል ነው «በበሩ ውጪ» ያሉኝ፤ በከዘራቸው ሁለት ድንጋዮች አሳዩኝ። በመሀላቸው ወጣሁ። አፍሬ አበባውን ላስቀምጥ ስል «ያዢው፣ ከዚህ ቤት እንግዳ ባዶ እጁን ወጥቶ አያውቅም» አሉኝ።

ከዚያ እሳቸው ገቡ። ድንጋዮቹ መሀል ሲደርሱ፣ የሌለው ጉበን እንዳይመታቸው ጎንበስ አሉ።

አበባው አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በግድግዳው በኩል ገብቼ የቀጠፍኩት ስለሆነ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

እናንተስ፣ ክብ ሰርቶ የበቀለ አደይ አጋጥሟችሁ ያውቃል? በየት በኩል ገባችሁ?