ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ኮምፒውተሩ ፍኖተ ሰላም ወደሚገኘው ጽሕፈት ቤታችን የገባ ቀን እዚያ የነበርነው አምስት ነን። የቤቱ ባለቤት ጋሼ ደሳለኝ፤ በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩት እትዬ የሽመቤት፤ ፎቶ ኮፒውን የሚያሠራው ሙሉቀን፤ ዕቃውን ከባሕር ዳር ይዞ የመጣው ቴክኒሽያን፤ አምስተኛው እኔ፣ ይበልጣል። ለእኔ የሥራዬም የመጀመሪያ ቀን ነበር። ከደምበጫ በጠዋቱ መኪና መጣሁ። የተቀጠርኩት ወረቀት ለመግዛት፣ ደብዳቤ ለማድረስና ቤቱን ለመጥረግ ነው።

ቴክኒሽያኑ ገመዶቹን ሰካክቶ አበራው። ዊንዶውስ 98 ነበር፤ ሲነሣ ሰማይና ደመና ያሳያል።

«ክረምቱን ይዞ መጣ» አለ ሙሉቀን።

ቴክኒሽያኑ ሌላውን ሁሉ በጥድፊያ አሳየን፤ አንዱን ነገር ግን ደጋገመው። «ሶኬት ነቅሎ ማጥፋት የለም። ስታርት፣ ከዚያ ሻት ዳውን፣ ከዚያ አሁን ማጥፋት ይቻላል የሚለው ጽሑፍ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።»

ጋሼ ደሳለኝ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ካዳመጡ በኋላ ወደ እኛ ዞሩ። «ሰማችሁ?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫማችንን በር ላይ እያወለቅን እንገባ ነበር።

ጠዋት ጋሼ ያበሩታል፣ ማታ እሳቸው ያጠፉታል። በመሐል ምን እንደሚደረግበት ግን ከእኛ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ቀን ደፍሬ በምሳ ሰዓት እንድነካው ጠየቅኋቸው።

«ሲቸግርህ ማንን ትጠይቃለህ?»

«ራሱን ነው ጋሼ።»

ሳቁ፤ ግን ፈቀዱልኝ። ያልኳቸው እውነት ነው። ኤፍ ዋን የሚለው ቁልፍ ሲነካ የማብራሪያ ገጽ ይከፈታል። እንግሊዝኛዬ የትምህርት ቤት ስለነበር መዝገበ ቃላት ጉልበቴ ላይ አድርጌ አነብ ነበር። ፋይል መክፈትን፣ ፎልደር መሥራትን፣ የጠፋውን መፈለግን ከዚያ ተማርኩ። ማውሱ መንፏቀቅ ሲጀምር ሆዱን ከፍቼ ኳሷን አወጣሁና የተጣበቀውን እድፍ አጸዳሁ። አልኮል ስላጣሁ በጥጥ የነካሁት አረቄ ነበር። ሙሉቀን ሽታው አፍንጫው ሲደርስ «እኔን አቅምሰኸኝ አታውቅም፣ ለዕቃ ትጋብዛለህ» አለኝ።

ትንሽ ስለምድ ጋሼ «እንግዲያው ለየሽመቤት አሳያት» አሉ። የጽሕፈቱ ሥራ የእትዬ ነውና።

እትዬ የሽመቤት ጣታቸው ፈጣን፣ ምታቸው ከባድ ነው።

«እትዬ፣ በቀስታ ቢነኩትም ይጽፋል።»

«ካልመታሁት መጻፌን በምን ያውቃል?»

ማውሱን ሲገፉ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ይደርሱና «ጠረጴዛው አለቀብኝ!» ይላሉ። አንሥቶ መሐል ላይ መመለስ እንደሚቻል ሳሳያቸው «ይኼንን ቀድመህ አትለኝም?» ብለው ተቆጡኝ።

ያስቸገረን ሴቭ ማድረግ ነው። በከተማችን መብራት ሳይናገር ይሄዳል፤ ያልተቀመጠ ጽሑፍም አብሮት ይሄዳል። ብነግራቸው ይረሱታል። አንድ ቀን በጽሕፈት መኪናው ሲሠሩ ተቀምጬ አየኋቸው። መስመሩ ሊያልቅ ሲል ደወሉ ቅጭል ይላል፤ ግራ እጃቸው ሳያስቡት ተነሥቶ መዘውሩን ይገፋል። ኮምፒውተሩ መስመሩን ራሱ ስለሚያዞር ያ እጅ ሥራ ፈትቷል።

«እትዬ፣ ደወሉ ይሰማ የነበረበት ቦታ ላይ ሲደርሱ በግራ እጅዎ ኮንትሮልና ኤስን ይጫኑ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሴቭ ተነጋግረን አናውቅም።

ዳንቴሉ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። መንገዱ አስፋልት ስላልነበረ አቧራው በር አልፎ ይገባል። እትዬ የሽመቤት ሲፒዩውን በክር ለክተው፣ ነጭ ሆኖ ጠርዙ ቢጫ የሆነ ልብስ ሠሩለት። ከፊት ማብሪያው ብቻ ይታያል፤ ከኋላ በአራት ማሰሪያ ጥብቅ ይላል።

«ክርስትና ሊነሣ ነው?» አለ ሙሉቀን።

«አንተን ማን ጠየቀህ? ያንተን ፎቶ ኮፒ አቧራ ይብላው!»

ሥራ ላይ ሲሆን እንኳ አይወልቅም። አንዴ ላወልቀው ስል «ጀርባው ለምን ይጋለጣል?» ብለው እጄን መለሱት።

ብዙም ሳይቆይ ኮምፒውተሩ በመሐል እየጠፋ ያስቸግር ጀመር። ጠዋት ደህና ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ድንገት ይጨልማል። እንደገና ሲበራ ሰማያዊ ገጽ ይመጣና በእንግሊዝኛ፣ ኮምፒውተሩ በሥርዓቱ እንዳልተዘጋ፣ ለወደፊቱ በሻት ዳውን መዝጋት እንደሚገባ ይገልጻል። ጋሼ ደሳለኝ ጽሑፉን ቃል በቃል አነበቡት።

«በሥርዓቱ አልተዘጋም ይላል። ማን ነው ያልዘጋው?»

«ጋሼ፣ ራሱ ነው የጠፋው።»

«ራሱ ጠፍቶ ራሱ ይከሳል?»

ሙሉቀን ከፎቶ ኮፒው ጀርባ «ከሳሹም ምስክሩም እሱ ነው፤ ይበልጣል፣ ጠበቃ ፈልግ» አለ። ጋሼ ግን አልሳቁም። በምሳ ሰዓት የምነካካው እኔ ብቻ ነኝ። «አንድ ጊዜ ደግሞ ከጠፋ ወደ ደምበጫ ትመለሳለህ» አሉኝ።

ያስፈራኝ ወደ ቤት መመለሱ አይደለም። ያን ጊዜ ደምበጫ ውስጥ ኮምፒውተር የሚያስነካኝ ሰው አላውቅም ነበር።

መነካካቴን ትቼ ማየት ጀመርኩ። ሲጠፋ አምፖሉ አይርገበገብም፣ ፎቶ ኮፒውም አይቆምም። ስለዚህ የመብራት ጉዳይ አይደለም። ዳንቴሉ ታጥቦ ገመድ ላይ በዋለ ዕለት እስከ ማታ ሳይጠፋ ሠራ። በማግሥቱ ዳንቴሉን መልሰው አለበሱት፤ እንደገና ጠፋ። ደግነቱ ጋሼ ውጭ ነበሩ። እጄን ከኋላ በማሰሪያዎቹ መሐል ሰደድኩ፤ ከምድጃ የወረደ ድስት ይመስል ነበር። ውስጡን የሚያበርደው ማራገቢያ የሚተነፍስበት ቀዳዳ በዳንቴሉ ተደፍኗል።

ምክንያቱን አገኘሁ፤ የምናገርበትን ቃል ግን አጣሁ። እትዬ የሽመቤት በጋሼ ፊት ለእኔ የሚከራከሩልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። «ያበላሹት እርስዎ ነዎት» እንዴት ይባላል?

እያመነታሁ ሳለ አያ ተገኘ የሚባሉ የቡሬ ገጠር ሰው መጡ። ልጃቸው ፍኖተ ሰላም እንድትማር የዝውውር ማመልከቻ ያጽፋሉ። የርእሰ መምህሩ ቢሮ ሳይዘጋ መድረስ አለባቸው። እሳቸው እየተናገሩ፣ እትዬ የሽመቤት እየጻፉ፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ጋሼ ከውጭ ሲገቡ ስክሪኑ ጨለመ።

«በቃ» አሉ ጋሼ። «ልብስህን ጠቅልል።»

«ኧረ እባክዎ! ልጁ እጁን አላነሣም፤ ከአጠገቤ ቆሞ ነው» አሉ እትዬ የሽመቤት።

«ታዲያ ማሽኑ ይዋሻል?»

አያ ተገኘ ጋቢያቸውን ሰብስበው «የልጄ ነገርስ?» አሉ።

ሁሉም እኔን አዩኝ። «እትዬ» አልኩ፣ «ዳንቴሉ ታጥቦ በተሰጣበት ቀን ጠፍቶብዎት ነበር?»

እትዬ የሽመቤት ወደ ሲፒዩው ዞሩ። ተነሥተው እጃቸውን ከኋላ ሰደዱና ቶሎ መለሱት።

«አፍኜው ኖሯል!» አሉ። ማሰሪያዎቹን ራሳቸው አንድ በአንድ ፈቱ። «እኔ ነኝ ያፈንኩት፤ ይኼ ልጅ ምን አደረገ?»

አያ ተገኘም ጠጋ ብለው ዳሰሱት። «እንደ ሰው ይተኩሰዋል እንዴ?»

እስኪበርድ ጠበቅን። ሙሉቀን በካርቶን ያራግብለት ነበር። ስናበራው ሰማያዊው ገጽ መጣ፤ ጋሼ አሁንም አነበቡት። ፋይሉን ከፈትኩ። ከመጨረሻው መስመር በስተቀር ማመልከቻው ሙሉ ነበር።

«ግራ እጄ!» አሉ እትዬ የሽመቤት፣ እጃቸውን እያዩ።

መስመሩን ጨመሩ፤ አተምነው፤ አያ ተገኘ እየመረቁን ወጡ። ጋሼ ደሳለኝ ቆም ብለው ጠየቁኝ።

«ታዲያ ይኼን ጽሑፍ ምን እንበለው?»

«እውነቱን ነው ጋሼ። በሥርዓቱ አልተዘጋም። ማን እንዳደረገው ግን አላለም።»

ይቅርታ አላሉኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። «ነገ ጠዋት አንተ አብራው» ብለው ወጡ።

እትዬ የሽመቤት ዳንቴሉን አልጣሉትም። የጀርባውን ክር ተርትረው፣ በማራገቢያው ልክ ክፍት አድርገው፣ ዙሪያውን በቢጫ ጠርዝ ቀመቀሙት። እኔ ፍኖተ ሰላምን እስክለቅ ድረስ ሲፒዩው ያንኑ ለብሶ ይሠራ ነበር።

አሁን ቡሬ ኮምፒውተር አሠለጥናለሁ። ለአዲስ ተማሪ ቀድሜ የምናገረው ይኼን ነው፦ ስክሪኑ የሆነውን ይነግርሃል፣ ለምን እንደሆነ ግን ላይነግርህ ይችላል። ስክሪኑን ካነበብክ በኋላ ጀርባውን በእጅህ ዳስስ።

የቴክኒሽያኑን ስም አላስታውስም። ሙሉቀን ደግሞ የዳንቴሉ ጠርዝ ቢጫ ሳይሆን አረንጓዴ ነበር ብሎ ይሟገተኛል። አያ ተገኘ ወይም ልጃቸው ይኼን ካነበቡ፣ ያን ቀን ቢሮው ሳይዘጋ መድረሳቸውን ይንገሩኝ። በዚያ ቤት የሠራችሁ፣ ማመልከቻም ያጻፋችሁ፣ የተሳሳትኩትን አርሙኝ፤ የረሳሁትን ጨምሩበት።